አፌ ላይ አለ! ከጓደኞቻችሁ ጋር በቴሌግራም የፊልምና የድራማ ጥያቄ ለመጫወት

መጀመሪያ የተዋረድኩበትን ልናገር። ጅማ አብረን ያደግን ልጆች አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለችን፣ ግማሾቻችን እዚሁ ፈረንጅ አራዳና ቆጪ አካባቢ ነን፣ ሁለቱ አዲስ አበባ ገብተዋል፣ አንዷ ዱባይ ናት፣ አንዱ ደሞ ዋሽንግተን። ግሩፗ ሞታ ነበር በቃ፣ በዓል ሲደርስ "እንኳን አደረሳችሁ" የሚል ፎቶ ይለቀቅባታል ከዛ ዝም። አንድ ክረምት ላይ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲል (የጅማን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ከያዘ ያዘ ነው) የፊልም ጥያቄ ላጫውታቸው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ 40 ጥያቄ አዘጋጀሁ። ካሜራማኑ ማነው፣ ኤዲት ያደረገው ማነው፣ ፊልሙ ስንት ደቂቃ ነው... ራሴ እንኳ የማላውቀውን ከጎግል እየቀዳሁ ማለት ነው። አስረኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ሦስት ሰው ቀረን፣ አንዱ እኔ ነኝ።

በኋላ ዱባይ ያለችው ልጅ በኢንቦክስ "አንተ፣ ፈተና ነው እንዴ የምትፈትነን?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዛ ወዲህ ብዙ ማታ ተጫውተናል፣ አንድ ነገር ገብቶኛል፦ ሰው የሚወደው ጥያቄ "ኧረ ቆይ ቆይ አውቀዋለሁ፣ አፌ ላይ አለ!" የሚያሰኘው ነው። ጭራሽ የማያውቀውን ስትጠይቁት ስልኩን አስቀምጦ ይሄዳል፣ በጣም የቀለለውን ስትጠይቁት ይንቃችኋል። አፉ ላይ መጥቶ የጠፋበትን ስትጠይቁት ግን እንቅልፍ አይወስደውም፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቶ መልሱን ግሩፕ ላይ የጻፈ ልጅ አለን።

ስለዚህ ጥያቄ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ሰዎቹ ምን እያዩ እንዳደጉ አስቡ። እኛ ለምሳሌ መጀመሪያ ቪዲዮ ቤት ነው ያደግነው፣ ጃኪ ቻን፣ ቫንዳም፣ አርኖልድ፣ የህንድ ፊልም፣ ቀጥሎ ፍላሽ ይዞ መርካቶ ሄዶ ተከታታይ ፊልም ማስጫን መጣ፣ ፕሪዝን ብሬክን ያላስጫነ ልጅ አልነበረም። እቤት ደሞ ኢቲቪ ላይ ሰው ለሰው ሲጀምር መንገዱ ጭር ይል ነበር፣ ከ2008 ወዲህ በቃና ቱርኩም ህንዱም አማርኛ ተናጋሪ ሆነ። አሁን ያሉት ታናናሾቻችን የኮሪያ ድራማ ነው የሚያዩት፣ እሱ ሌላ ዓለም ነው። ግሩፓችሁ ውስጥ ከየዘመኑ ሰው ካለ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቆንጥሩ፣ አንድ ሰው ብቻ ሁሉን የሚመልስበት ጨዋታ ለሌላው ተመልካችነት ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። "ሰው ለሰው ላይ አስናቀን ሆኖ የሠራው ማነው?" ብትሉ አበበ ባልቻ እንደሆነ ሁሉም በአንድ ሰከንድ ይመልሳል፣ ይሄ ማሟሟቂያ ነው፣ አንደኛ ጥያቄ አድርጉት፣ ሰው መልሶ ደስ ይበለው። "መኒ ሃይስት ላይ ከዘራፊዎቹ ውስጥ የአፍሪካ ከተማ ስም የያዘችው ማናት?" ይሄ ይሻላል፣ ቶኪዮን በርሊንን ዴንቨርን ሲጠራ ቆይቶ ናይሮቢ ጋ ይደርሳል። "ስኩዊድ ጌም ላይ ስንት ሰው ነው ለጨዋታው የገባው?" 456፣ የዋናው ልጅ ቁጥር ነው እኮ ልብሱ ላይ ያለው፣ አይቶታል ግን አላሰበውም። "አንጀሊና ጆሊ ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲውሰር የሆነችበት የኢትዮጵያ ፊልም?" ድፍረት። "በካን ፌስቲቫል ኦፊሻል ምርጫ ውስጥ የገባው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም?" በፈረንጅ 2015 ላምብ። "የጉማ ሽልማት ስሙን ከየት አመጣ?" ይሄን እኛ ግሩፕ ላይ ስጠይቅ አፋን ኦሮሞ የሚችሉት በሙሉ "ጉማ የደም ካሳ ነው" ብለው ተንጫጩ፣ ልክ ናቸው፣ ግን ጥያቄው ከየትኛው ፊልም ነው የሚል ነበር፣ ጉማ የሚባል የድሮ ፊልም እንዳለ ያወቀ አንድ ብቻ ተገኘ።

እስካሁን ከጠየቅኩት ሁሉ የምወደው ግን ይሄ ነው፦ "ቢል መሬይ የሚሠራበት በፈረንጅ 2005 የወጣ የአሜሪካ ፊልም አለ፣ ሰውዬው የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ ሲነዳ መኪናው ውስጥ የሚያዳምጠው ሙዚቃ የጅማ ልጅ ነው የሠራው። ማነው?" አምስት ደቂቃ ሙሉ ዝም አሉ። ከዛ አንዱ ቀስ ብሎ "ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ ነው እንዴ የተወለደው?" አዎ ጅማ ነው! ፊልሙ ብሮክን ፍላወርስ ነው፣ ሲዲውን የሚሰጠው ጎረቤቱ ራሱ ትውልዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰውዬ ነው። ያን ማታ ጨዋታው ቆመ፣ ሁሉም ሙዚቃውን ፍለጋ ሄደ። የየከተማችሁን እንዲህ ያለ ነገር ፈልጉ፣ የሐረርም የደሴም ይኖራል።

አሁን ወደ ጣጣው። የመጀመሪያው ጣጣ ዓመተ ምህረት ነው። አንድ ቀን "ታይታኒክ መቼ ወጣ?" ብዬ አማራጭ ሰጠሁ፣ 1990 እና 1997 ሁለቱም ነበሩበት። መልሱ 1997 ነው አልኩ በፈረንጅ። የቆጪው ልጅ "በታኅሣሥ ነው የወጣው፣ በኛ 1990 ነው፣ ነጥቤን አምጣ" አለ፣ ቆጠርነው፣ ልክ ነው! ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነቱ ጥያቄያችሁ ውስጥ ሁለት ትክክለኛ መልስ ያስቀምጥላችኋል ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ "በፈረንጅ" ወይ "በኛ" ብላችሁ ጻፉ፣ ካልሆነም ዓመት መጠየቅ ተዉት፣ እውነቱን ለመናገር ዓመት ሰው የማያዝናና ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው የፊልም ስም ነው። ትርጉም ፊልም አይቶ ያደገ ሰው ፊልሙን የሚያውቀው ተርጓሚው ባወጣለት ስም ነው፣ የቱርኩንም ድራማ የምናውቀው ቃና በሰጠው ስም ነው፣ ዋናውን ስም ብትጠይቁት ከየት ያመጣዋል። እኛ ጋ ያለው ህግ ሰውየው ፊልሙን ማወቁን ካሳየ ይበቃል ነው፣ "ያ እንኳ የእስር ቤቱን ካርታ ገላው ላይ የተነቀሰው ሰውዬ" ካለ ፕሪዝን ብሬክን አውቆታል፣ ነጥቡን ስጡት። ሦስተኛው ፊደል ነው፣ አንዱ ኀይሌ ይላል አንዱ ሃይሌ፣ አንዱ ፀሐይ አንዱ ጸሀይ፣ አንዱ ጭራሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው አማርኛ የሚጽፈው። የተጻፈ መልስን ራሱ የሚያርም ቦት ከተጠቀማችሁ አንድ ፊደል ስትለይ ስህተት ይልባችኋል፣ ሰው ይቀየማል። በጽሑፍ የሚመለስ ከሆነ ዳኛው ሰው ይሁን፣ በማሽን ከሆነ ምርጫ ይሁን።

ለምርጫው ቴሌግራም ላይ ያለው ክዊዝ በቂ ነው፣ ሌላ አፕ ማውረድ አያስፈልግም፣ ሰውን አፕ አውርድ ካላችሁት ደሞ ግማሹ "ስልኬ ሞልቷል" ይላችኋል። ግሩፑ ውስጥ ፋይል የምታያይዙባትን ምልክት ነክታችሁ ፖል የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ ጥያቄውን ትጽፋላችሁ፣ አራት መልስ ትሰጣላችሁ፣ ከታች ክዊዝ ሞድ የሚለውን ታበሩና ትክክለኛው ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ። አኖኒመስ የሚለውን አጥፉት፣ አለበለዚያ ማን ምን እንደመለሰ አይታይም፣ ጨዋታው ደሞ ያለው እዛ ላይ ነው። ማብራሪያ መጻፊያም አለው፣ የሳተ ሰው ያነበዋል፣ እኔ እዛ ላይ ትንሽ ፉገራ አስገባበታለሁ። የመለሰ ሰው ስክሪኑ ላይ ወረቀት ይበተንለታል፣ ልክ እንደ ሰርግ። አንዴ ከነኩ መቀየር የለም፣ ይሄ ጥሩ ነው፣ "ተሳስቼ ነው የነካሁት" የሚል አይጠፋምና።

አስራ አምስት ሃያ ጥያቄ ባንዴ ማጫወት ከፈለጋችሁ ደሞ ክዊዝቦት የሚባል የቴሌግራም የራሱ ቦት አለ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጋችሁ አዲስ ክዊዝ የሚለውን ትነካላችሁ፣ ርዕስ ይጠይቃችኋል፣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ትልኩለታላችሁ፣ በመጨረሻ ለአንድ ጥያቄ ስንት ሰከንድ እንደምትሰጡ ይጠይቃል፣ ከ10 ሰከንድ እስከ 5 ደቂቃ ነው። ከዛ ግሩፑ ላይ ትለቁታላችሁ፣ ሰዎች ዝግጁ ነኝ የሚለውን ይነካሉ፣ እሱ ራሱ ይጠይቃል፣ ነጥብም ሰዓትም ቆጥሮ ደረጃ ያወጣል። እኔ 30 ሰከንድ ነው የምሰጠው። 10 ሰከንድ ሞክሬ ነበር፣ ኔትወርኩ የዘገየበት ሰው ጥያቄው ሳይደርሰው አለፈ፣ ጨዋታው የፊልም እውቀት መሆኑ ቀርቶ ማን ጋ ኔትወርክ ይሻላል ሆነ።

ካሁት የሚባለውን የጥያቄ መጫወቻ አፕም የሚጠይቁኝ አሉ። ጥሩ ነው ግን ጥያቄው የሚታይበት ትልቅ ስክሪን ያስፈልገዋል፣ ተጫዋቹ ስልኩ ላይ የሚያየው በአብዛኛው ቀለምና ቅርፅ ነው፣ ስለዚህ አንድ ቤት ቲቪ ፊት ተሰብስባችሁ ከሆነ ያምራል፣ ሩቅ ለሩቅ ከሆናችሁ ግን አንዱ ስክሪን ሼር ማድረግ አለበት፣ ፓኬጁን ይበላዋል። አንድ ስልክ ብቻ ላለው ሰው ደሞ አይመችም።

ምርጫ ብቻ ከሆነ ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይሰለቻል፣ መቀያየር አለባችሁ። ኢሞጂ አንዱ ነው፣ መርከብ፣ በረዶ፣ የተሰበረ ልብ ደርድራችሁ መላክ፣ ይሄ ለህፃን ነው፣ ግን የአማርኛ ድራማን በኢሞጂ ሞክሩትና እዩ፣ ሰው ለሰውን ለመላክ ሁለት ሰው መሀል ላይ ቀስት አድርጌ ልኬ "ገንዘብ ማስተላለፍ ነው?" ተብያለሁ። ሌላው የፎቶ ቁራጭ ነው፣ ከፊልሙ ስክሪንሾት ታነሱና በጣም ትንሿን ቦታ ብቻ ትቆርጣላችሁ፣ ጫማ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የሶፋ ጨርቅ። የአማርኛ ፊልም ሶፋ ብቻውን ምድብ ይወጣዋል እውነት። ጥግ ላይ ያለውን የጣቢያ ሎጎ መቁረጥ እንዳትረሱ፣ እኔ አንድ ቀን ረስቼ ግማሽ ሰከንድ ውስጥ መለሱት። ካልመለሱ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ድጋሚ ትልካላችሁ፣ ነጥቡ እየቀነሰ ይሄዳል፣ በመጀመሪያው ቁራጭ ላወቀ 5፣ በሁለተኛው 3፣ ሙሉ ፎቶው ላይ 1።

በድምፅ ደሞ ከሁሉም ያስቃል። የድራማውን መክፈቻ ሙዚቃ ቮይስ አድርጋችሁ ማንጎራጎር ነው፣ መሳሪያውንም በአፍ። አዲስ አበባ ካሉት አንዱ ድምፁ ስለማያምር የሚያንጎራጉረውን ማንም አያውቀውም፣ እሱ ሲያንጎራጉር የሚመልስ ሰው ሁለት እጥፍ ነጥብ ያገኛል ብለን ህግ አወጣን። የቃና ዘመን ልጆች ከሆናችሁ ደሞ አንድ ዓረፍተ ነገር በዛ የትርጉም አነጋገር ማውራት ብቻ ይበቃል፣ ዛራና ቻንድራን ያየ ሰው አነጋገሩን አይስተውም።

"ማነኝ" የሚለውን ለብቻው ላንሳው ምክንያቱም አንድም ዝግጅት አይፈልግም፣ ፓኬጅም አይበላም። አንዱ አንድ ገፀ ባህሪ በልቡ ይይዛል፣ ለዳኛው በኢንቦክስ ቀድሞ ይልካል (ይሄ ግዴታ ነው፣ መሀል ላይ የሚቀይር አለ)፣ ሌላው አዎ ወይ አይደለም ብቻ የሚመለስበት 20 ጥያቄ ይጠይቃል። ሴት ነሽ? ሀበሻ ነሽ? ፊልሙ መጨረሻ ላይ ትሞቻለሽ? ብልጥ ሰው በመጀመሪያ ጥያቄ "አስናቀ ነህ?" አይልም፣ ግማሽ ግማሹን እየጣለ ይሄዳል፣ ሀገር፣ ዘመን፣ ክፉ ነው ደግ፣ ሀብታም ነው ደሀ። የሰውየውን ሥራ ቀድሞ መጠየቅ የአማርኛ ፊልም ላይ አይጠቅምም፣ ሁሉም ወይ ዶክተር ነው ወይ የካምፓኒ ባለቤት። ታሪኩን አሳጥሮ ተርኮ "የቱ ፊልም ነው?" ማለትም እንደዛው ነው፣ "ሀብታም ልጅ ናት፣ ደሀ ወደደች፣ አባቷ አልፈልግም አለ" ካላችሁ መልሱ ግማሹ የአማርኛ ፊልም ነው፣ ሌላ ምልክት ጨምሩ።

ማጭበርበርን በተመለከተ፣ ሙሉ በሙሉ ማስቆም አትችሉም። የጎግል ፍለጋን የሚያሸንፈው አጭር ሰዓትና በጎግል የማይፈለግ ጥያቄ ነው፣ ማንጎራጎር ጎግል አይደረግም፣ ሶፋ ጎግል ማድረግ ደሞ ይሞከራል ግን ፎቶውን ገልብጣችሁ ቁራጭ ካደረጋችሁት ይቸገራል። በጽሑፍ ሲሆን መልሱን ጽፎ ሌላው ከመለሰ በኋላ ኤዲት የሚያደርግ አለ፣ መልእክቱ ጎን ኤዲትድ የሚል ይወጣል፣ ኤዲት የተደረገ መልስ አይቆጠርም ብላችሁ ከመጀመሪያው ተናገሩ። ሃያ ግምት በተከታታይ የሚያዘንበውን ሰው ደሞ አድሚኑ ስሎው ሞድን (አንድ መልእክት ከላኩ በኋላ ቀጣዩን ለመላክ የሚያስጠብቀውን) አብርቶ ያሳርፈዋል።

ቀድሞ የመለሰ ብቻ ነጥብ ያግኝ የሚለውን ትተነዋል። ፈረንጅ አራዳ ያለው ልጅ ዋይፋይ አለው፣ ሌላዋ ዝናብ ሲጥል መልእክቷ ሰዓት ምልክት ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ታውቃለች ግን አልሄደላትም። አሁን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለዳኛው በኢንቦክስ የመለሰ ሁሉ እኩል ያገኛል፣ ከዛ ዳኛው የሰዎቹን መልስ ግሩፕ ላይ ያወጣል፣ የተሳሳቱት መልሶች ከትክክለኛው በላይ ያስቃሉ።

መብራት ከጠፋስ? ጅማ ላይ ይሄ ጥያቄ አይደለም፣ መቼ ነው የሚለው ነው እንጂ። እኔ ጽሑፍና ፎቶ የሆኑትን ጥያቄዎች ቀን ላይ ሰርቼ ግሩፑ ላይ ስኬጁል አደርጋቸዋለሁ፣ መላኪያዋን ጫን አድርጋችሁ ብትይዟት ሰዓት ትጠይቃችኋለች፣ ስልካችሁ ቢጠፋም በሰዓቱ ይለቀቃል። አንድ ማታ ስልኬ ሞቶ እኔ በሻማ ቁጭ ብዬ ጨዋታው ያለኔ ሄደ፣ በማግስቱ ነው 80 ምናምን መልእክት ያነበብኩት።

ሰዓት ሲባል፣ ውጭ ሀገር ሰው ካላችሁ "3 ሰዓት" ብላችሁ አትለፉ። የኛ ማታ 3 ሰዓት ዱባይ በኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ነው፣ ዋሽንግተን በነሱ በጋ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በነሱ ክረምት ደሞ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ 7 ሰዓት። የኛው ሰውዬ "3 ሰዓት" ስንለው በፈረንጅ ቆጥሮ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ አምልጦ ገባ፣ አንድ ሰዓት አርፍዶ፣ እኛ ጨርሰን ቡና እያፈላን ነበር።

ሽልማቱ መጀመሪያ የ50 ብር ካርድ ነበር፣ አሁን ግን እሱን ትተን እንቆቅልሽን አመጣን። ልጅ ሆነን እንዳደረግነው፣ ያልመለሰ ሰው "ሀገር ስጠኝ" ይባላል፣ ጎንደርን ሰጠሁህ ይላል፣ ጠያቂው ጎንደር ገብቶ የበላውን የጠጣውን እየዘረዘረ ያልመለሰውን ልክ ልኩን ይነግረዋል፣ በቮይስ፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ። አንዴ የተሰጠ ከተማ ድጋሚ አይሰጥም፣ አድሚኑ ፒን ያደረገው ዝርዝር አለ፣ ማን ምን እንደያዘ እዛ ይጻፋል፣ የሳምንቱ አሸናፊ ቀጣዩን ሳምንት ጠያቂ ይሆናል፣ እኔም አርፋለሁ። ዱባይ ያለችው ልጅ፣ ያቺ "ፈተና ነው እንዴ" ያለችኝ፣ እስካሁን አዲስ አበባን፣ ባህርዳርን፣ ሀዋሳን፣ ድሬዳዋን ይዛለች። ጅማን ግን ማንም ለማንም አይሰጥም ብለን ተፈራርመናል፣ ባለፈው የዋሽንግተኑ ልጅ ከተማ ሲያልቅበት "እሺ አጂፕን ብቻ ልስጥሽ" ብሎ የጅማን አንድ ሰፈር ሊሰጥ ሞክሮ ነበር፣ ግሩፑ በሙሉ ተነሳበት።